ሥጋው ከወጡ ሲወጣ ምን ይተካው?

ፈረንሳዮች ከሚኮሩባቸው ወጦች አንዱ ቡርጊኞን ይባላል። ስሙን ያገኘው በወይን ምርቱ ከሚታወቀው ከቡርጎኝ አካባቢ ነው። የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን፣ በሽንኩርት፣ በካሮትና በእንጉዳይ ተደርጎ በዝግተኛ እሳት ለሰዓታት እየተንተከተከ ይሠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ሥጋ መብላት የቀነሱ ወይም ጨርሰው የተዉ ሰዎች ይህንኑ ወጥ ሥጋውን አውጥተው፣ በእንጉዳይና በጥራጥሬ እየተኩ መሥራት ይዘዋል። አሠራሩንም እንደ ትልቅ ግኝት ይቀባበሉታል።

ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ግን ያለ ሥጋ ወጥ መሥራት ግኝት አይደለም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚኖር ጿሚ ቤተሰብ ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትንና ፍልሰታን ሲደምር የዓመቱን ግማሽ ገደማ ድስቱን የሚጥደው ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ነው። ከሽምብራ ዱቄት በዓሣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባው የሽምብራ ዓሣ የእናቶቻችን የቆየ ጥበብ ነው። በፍስክ ቀናትም ቢሆን የሥጋ ዋጋ አቅሙን የሚፈታተነው ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የጤና ጥያቄው ሥጋ አልባ ወጥ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ሊሆን አይችልም። ሥጋው ሲወጣ በቦታው ምን ገባ? የሚለው ነው።

በብዙ ቤት የሚገባው ድንች ነው። አዊ የድንች አገር ናትና አያስገርምም። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይትና ድንች ተደርጎ ወጡ ይደርሳል፤ እንጀራው ይቀርባል፤ ሆድም ይሞላል። ድንች መጥፎ ምግብ አይደለም። ኃይል ይሰጣል፤ ፖታሲየምና የተወሰነ ቫይታሚን ሲ አለው። የሥጋን ቦታ ግን አይሸፍንም። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች ውስጥ ያለው ፕሮቲን 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። በዚያው መጠን የበሰለ የበሬ ሥጋ ከ25 ግራም በላይ ይሰጣል። ሥጋን በድንች የተካ ቤት ወጡን ሠራ እንጂ ምግቡን አልተካም።

ሥጋ በወጥ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ለምላስ ነው፤ ጣዕምና መወፈር ይሰጣል። ሁለተኛው ለሰውነት ነው፤ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 ያቀርባል። የመጀመሪያውን መተካት ለእኛ ቀላል ነው። ፈረንሳዩ ሥጋውን በጋለ ድስት አገላብጦ በማጥቆር የሚያገኘውን ጣዕም የእኛ ባለሙያ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ አቁላልታ ታገኘዋለች። ፈረንሳዩ ከሚጨምራቸው ቅጠሎች የአንደኛው ዘመድ የሆነው ጦስኝ በደጋችን የሚበቅል ነው። የሥጋውን ጅማት በማቅለጥ የሚመጣውን መወፈር ደግሞ አንድ ሁለት ማንኪያ ሽሮ በደንብ ይተካዋል። የወይኑን ኮምጣጣነት ቲማቲምና ሎሚ ይሰጡታል። በነገራችን ላይ፣ ወይን ወጥ ውስጥ ሲፈላ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል የሚባለው ትክክል አይደለም። ረጅም ሰዓት የበሰለ ወጥ ውስጥም ጥቂት ይቀራል፤ ለአጭር ጊዜ በበሰለ ወጥ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ቤት ሎሚው ይሻላል።

ሁለተኛውን ሥራ ለመተካት ወደ ጥራጥሬ መሄድ ግድ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ የታወቁ ናቸው። በአዊ ምድር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፕሮቲን የሚበልጥና በገበያው ላይ በጆንያ ተሞልቶ የሚታይ፣ ክብሩን ግን ያላገኘ አንድ እህል አለ። እርሱም ግብጦ ነው።

ግብጦ አሲዳማና ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅል፣ ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚመልስ፣ ብዙ እንክብካቤ የማይጠይቅ ሰብል ነው። የአፈር አሲዳማነት ለሚያስቸግራቸው የአዊ ወረዳዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከደረቅ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ፕሮቲን ነው። ከተቀቀለ በኋላም በ100 ግራም 15 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል። የተቀቀለ ባቄላ የሚይዘው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ከስታርች ይልቅ አሰር የሚበዛው በመሆኑ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በፍጥነት አያንርም፤ ይህም ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ይጠቅማል። የግብጦ ፕሮቲን ሜቲዮኒን በተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ፣ የጤፍና የገብስ ፕሮቲን ደግሞ ላይሲን ይጎድለዋል። ግብጦን ከእንጀራ ጋር የበላ ሰው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላለታል። እንዲህ ያለው እህል በአብዛኛው የሚታወቀው የአረቄ ማጀቢያ ቁርስ ሆኖ መሆኑ ያሳዝናል። የድሃ ምግብ ነው እየተባለ ከእንግዳ ፊት የሚደበቅበት ቤትም አለ።

ግብጦ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ይህ ዓምድ በዚህ ላይ ጠንከር ብሎ መናገር ይኖርበታል። ጥሬው ግብጦ አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ በእሳት አይጠፉም፤ የሚወጡት በውኃ ነው። የአካባቢው እናቶች ግብጦውን ቆልተው፣ ቀቅለው፣ በጆንያ ቋጥረው በወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት የሚዘፈዝፉት ለዚህ ነው፤ ሳይንሱም የሚስማማበት አሠራር ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከተቀቀለ በኋላ በብዙ ንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃውን እየደፋና እየለወጠ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ማቆየት አለበት። መለኪያው ምላስ ነው። አንዲት ፍሬ ተልጣ ትቀመስ፤ ጥቂት እንኳ ከመረረች ትተፋ፤ ግብጦውም ወደ ውኃው ይመለስ። የቸኮለ ሰው በስኳር ወይም በበርበሬ ምሬቱን ለመሸፈን ቢሞክር ምላሱን እንጂ መርዙን አያታልለውም።

ምሬቱ ያልወጣለት ግብጦ በብዛት የተበላ እንደሆነ አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ይበዛል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ራስ ይዞራል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት ይከለከላል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ወተት ወይም ሌላ ማርከሻ እየተሰጠው ቤት መቆየት የለበትም፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሌላም ነገር አለ። ወንዝ ውስጥ የተዘፈዘፈ ግብጦ ምሬቱን ሲያጣ የወንዙን ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ ከላይ ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ነውና። ስለዚህ ከመበላቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ እንደገና ይፍላ። የተዘፈዘፈበትም ውኃ ለእንስሳት አይሰጥ። ለኦቾሎኒ አለርጂ የሆነ ሰው ለግብጦም አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ባይሞክረው ይመረጣል።

ከግብጦ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት ሌላው ጥራጥሬ ጓያ ነው፤ ስሙን የምናነሣው ግን ለማስጠንቀቅ ነው። ጓያ የበዛበት ሽሮ ለወራት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ያመጣል። አገራችንም በተለያዩ ጊዜያት ይህን አይታለች። ከገበያ የሚገዛ ዱቄት ሽሮ ምን እንደተቀላቀለበት ለማወቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የሚችል ሰው እህሉን መርጦ ቢያስፈጭ ይሻላል።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። ለስድስት ሰው የሚበቃ ወጥ ለመሥራት አራት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ በመጨመር ቡናማ እስኪሆን ማቁላላት ነው። ይህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መቸኮል ወጡን ያበላሻል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንደ ፍላጎት በርበሬ፣ ቀጥሎም ሦስት የተከተፉ ቲማቲሞች ይገባሉ። ሁለት ብርጭቆ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምሬቱ የወጣለት የተላጠ ግብጦ፣ ሦስት በትልልቁ የተቆረጡ ካሮቶች፣ ሦስት ድንች፣ እፍኝ እንጉዳይ ከተገኘ እርሱም ይጨመራል። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ጣል ተደርጎ፣ ውኃ ተጨምሮ፣ በዝግተኛ እሳት ለአንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ሊወጣ ሲል በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ ሁለት ማንኪያ ሽሮ ይጨመርና ወፈር ይበል። ሎሚው የሚጨመቀው ከወረደ በኋላ ነው፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጎዳልና። ቃሪያም ቢሆን ጥሬውን በላዩ ላይ መክተፍ ለጣዕሙም ለጤናውም ይጠቅማል።

እንጉዳይን በተመለከተ፣ የሚገዛው በእርባታ የተመረተው ይሁን። በክረምት ከሜዳና ከጫካ የሚለቀመውን መርዛማውን ከደህናው በመልክ ብቻ መለየት ለለመደ ሰውም ያዳግታል። መቀቀልም ሁሉንም መርዝ አያስወግድም። እንጉዳይ ባይገባ ወጡ ምንም አይጎድልበትም። የድንቹ ቆዳ አረንጓዴ ከሆነ ወይም በብዛት ካጎነቆለ ደግሞ ድንቹ ሶላኒን የሚባል መርዝ አብጅቷልና ይጣል። ድንች ብርሃን በማይገባበት ቦታ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

የደጋ ሰው የጥራጥሬ ወጥ አልበስል ብሎ ሲያስቸግረው ጥፋቱን በባቄላው ወይም በእንጨቱ ላይ ያደርጋል። እውነቱ ግን ከፍታው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው እንጅባራ ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም 92 ዲግሪ ነው፤ ዝቅ በምትለው ዳንግላ በ93 ዲግሪ ገደማ። ቢያንተከትኩትም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላም ሆነ ቦሎቄ ከዋዜማው ተዘፍዝፎ ይደር፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፤ ድስቱም ክዳኑ የገጠመ ይሁን። መዘፍዘፉ የማብሰያውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ብረትና ዚንክ በሰውነት እንዳይወሰዱ የሚያግደውንም ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ዲከረንስ ተክሎ፣ አክስሎ በሚሸጥ አካባቢ እንኳ ከሰል በነጻ አይገኝም፤ ጭሱም ለእናትየው ሳንባ አይበጅም። ቀዩን ቦሎቄ የሚጠቀም ሰው ግን በዝግተኛ እሳት ብቻ እንዳያበስለው። በውስጡ ያለው ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ከፍተኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። በመጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ፈልቶ መንተክተክ አለበት፤ ያ ውኃም ይደፋል።

ብረትን በተመለከተ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሥጋ ውስጥ ካለው ዋነኛው የብረት ዓይነት ሰውነት ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት የሚወሰደው ግን ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ልዩነቱን የሚያጠብበው በዚያው ማዕድ ላይ የሚገኝ ቫይታሚን ሲ ነው፤ ሎሚው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው እዚህ ላይ ከጣዕም ያለፈ ሥራ አላቸው። የሚያሰፋው ደግሞ ቡናና ሻይ ነው። ገበታው ከመነሣቱ ረከቦቱ የሚቀርብበት ልማዳችን ደስ ይላል፤ በጾም ወቅት ግን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች፣ ቡናው ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይሻላል። እንጀራው እንዲቦካ መደረጉ ፋይቴቱን ስለሚቀንስ ያግዛል። ሳይቦካ የተጋገረ አፍለኛ ይህ ጥቅም የለውም።

ዘይትም ሌላ ጉዳይ ነው። ሥጋና ቅቤ የቀረበትን ወጥ ለማጣፈጥ ዘይት ማብዛት ተለምዷል። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው፤ በዚህ ረገድ ቅቤን ትተን የተሻለ አላገኘንም። በጎጃም ማሳዎች ላይ በቢጫ አበባው የምናውቀው ኑግ ለልብ ይበልጥ የሚስማማ ዘይት ይሰጣል። እርሱም ቢሆን በማንኪያ እየተለካ እንጂ ከጀሪካን እየተንዶቀዶቀ መግባት የለበትም።

ግብጦም ሆነ ባቄላ ሊተኩት የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ይህ ቫይታሚን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በጉበቱ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለውና ጾሙ ሲፈታ ስለሚመገብ፣ ጾም በራሱ እጥረት ያመጣል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምስ ሰው ግን፣ በምርጫም ይሁን በችግር፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ቢነጋገር ይገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ። በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት፤ መጾም አለመጾሟንም ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ሕፃኑ ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት አልነበራቸውም፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ የክልሉ አኃዝ ወደ 41 በመቶ ወርዷል። መሻሻል ነው፤ ሆኖም ጥራጥሬውም፣ ድንቹም፣ ወተቱም በሚመረትበት ክልል ከአሥር ሕፃናት አራቱ መቀንጨራቸው ሊዋጥ የሚችል ነገር አይደለም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ነበር፤ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾም በሕፃናት ላይ አልተጣለም፤ መጾም የሚጀመረው ከሰባት ዓመት ወዲህ ነው። በተግባር ግን የስድስት ወሩም የሁለት ዓመቱም ሕፃን አብሮ ይጾማል። ጾም ያስያዘው የለም፤ ድስቱ ነው ያስያዘው። እናትየው ለአንድ ሕፃን ብላ እንቁላል ብትጠብስ ወይም ወተት ብታፈላ የጾሙ ዕቃ ይነካል ብላ ትሰጋለች፤ ጎረቤትም ያያታል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ከተሠራው ወጥ ላይ መረቁን በእንጀራ አርሳ ታበላዋለች። ከላይ የዘረዘርነው ወጥ ለአዋቂ የቱን ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን አይበቃም። ሆዱ ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ለማግኘት የሚበቃ ያህል ባቄላ በአንድ ማዕድ ሊበላ አይችልም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለሕፃኑ ብቻ የምትውል አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ተለይተው ይቀመጡ። በዚያች ድስት በቀን አንድ እንቁላል ይቀቀልለት ወይም ገንፎው በወተት ይሠራለት። ከቤተሰቡ ወጥ ላይ በርበሬ ሳይገባ አስቀድሞ የተቀነሰ ባቄላ፣ ካሮትና ድንች ተልሞ ይጨመርለት። ግብጦ ግን ለእርሱ ይቆይ፤ ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ስለመውጣቱ አዋቂው ቢሳሳት አፉ ደርቆ ያልፍለት ይሆናል፤ ለሕፃን ግን ትንሹም መጠን ብዙ ነው። ደረቅና ሙሉ ፍሬውም ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በየቀበሌው የምግብ ዝግጅት ማሳያ ያደርጋሉ። በአዊ ይህ ማሳያ ከጾም መግቢያ አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ቢካሄድ፣ በሁለት ድስት ቢሆን፣ የአጥቢያው ካህናትም ቢገኙበት እናትየዋ ጎረቤቷን ሳትፈራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ግብርናውም ግብጦን በማምረት ብቻ ሳይወሰን፣ ምሬቱን በንጹሕ ውኃ አውጥተው፣ አድርቀውና አሽገው የሚያቀርቡ ማኅበራትን ቢያደራጅ፣ ለአምስት ቀን ወንዝ ዳር ጆንያ የምትጠብቀው ሴት ድካም ይቀንሳል፤ የእንጅባራና የዳንግላ ምግብ ቤቶችም በጾም ዝርዝራቸው ላይ ከሽሮና ከድንች ወጥ ሌላ የሚጽፉት ያገኛሉ።